የምርት ገጽታ መመሳሰልና የሕግ ጥበቃው፦ ከጦር መሣሪያ አምራቾች ክርክር አንጻር

አምራቾች፣ አስመጪዎችና ወደ ንግድ ሥራ ለመግባት የሚዘጋጁ ዜጎች ስለ ምርቶች መመሳሰል የሚያነሡት ጥያቄ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። አንደኛው “ስሜን አልወሰደም፤ የምርቴን ቅርጽና መልክ ግን እንዳለ ገልብጦ ገበያ ላይ አውሎታል፤ ልከሰው እችላለሁ ወይ?” የሚል ነው። ሌላው “በገበያ ላይ ያለውን የሚመስል ዕቃ ብሠራ ወይም ባስመጣ በሕግ እጠየቃለሁ ወይ?” የሚል ነው። ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ እርሱም የተመሳሰለው የዕቃው ክፍል ሥራ የሚሠራ ነው ወይስ አምራቹን የሚያስታውቅ ነው የሚለው ነው።

ነጥቡን ለማብራራት በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በሽጉጥና በጠመንጃ አምራቾች መካከል የተካሄዱ ክርክሮች እዚህ ቀርበዋል። ጠመንጃ እያንዳንዱ ክፍሉ ተግባር ያለው ዕቃ ነው፤ አፈሙዙ፣ እጀታው፣ ሰደፉ፣ የጥይት ካዝናው ሁሉ ለአገልግሎት የተቀመጡ ናቸው። በዚያው ልክ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ቅርጹን ብቻ አይቶ የማን ሥራ እንደሆነ ይናገራል። ሥራ የሚሠራው ቅርጽና አምራቹን የሚያስታውቀው ቅርጽ በአንድ ዕቃ ላይ ተጣብቀው ስለሚገኙ ሕጉ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ በእነዚህ መዝገቦች ላይ ጎልቶ ይታያል። ጽሑፉ ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ ወይም መነገድ የሚመለከት አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በአገራችን ያ ጉዳይ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

የምርት ገጽታ ምንድን ነው?

የምርት ገጽታ ማለት አንድ ምርት ወይም ማሸጊያው በጥቅሉ ለዓይን የሚሰጠው መልክ ነው። ቅርጹ፣ መጠኑ፣ የቀለሙ ቅንብር፣ የመስመሮቹ አወራረድና የጌጡ አቀማመጥ ተደምረው ገጽታውን ይፈጥራሉ። ስሙ የተፋቀበትን ጠርሙስ ገዢው ከቅርጹ ብቻ የማን እንደሆነ ካወቀው፣ ቅርጹ እንደ ስም እያገለገለ ነው ማለት ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ይህንን አገልግሎት ነው፤ ውበትን ወይም የሠሪውን ድካም ብቻውን አይጠብቅም።

በአሜሪካ ይህን ጉዳይ የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣውና የላንሃም ሕግ በመባል የሚታወቀው የንግድ ምልክት ሕግ ነው። የሕጉ ክፍል 43(ሀ) በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ገጽታንም ቢሆን ከማምታታት ድርጊት ይከላከላል። ይሁን እንጂ ከሳሹ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ይኖርበታል፤ ገጽታው በገዢዎች ዘንድ የእርሱ መለያ ሆኖ መታወቁን፣ ገጽታው ተግባራዊ አለመሆኑን፣ እንዲሁም ተከሳሹ ያወጣው ምርት ገዢውን ሊያደናግር የሚችል መሆኑን። እ.ኤ.አ. በ1999 በሕጉ ላይ የተደረገው ማሻሻያ ያልተመዘገበ ገጽታን ይዞ የሚከስ ሰው “ተግባራዊ አይደለም” የሚለውን ነጥብ የማስረዳት ሸክም ራሱ እንደሚሸከም በግልጽ አስቀምጧል። ብዙ ክሶች የሚወድቁት በዚህ ሸክም ሥር ነው።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች መሠረቱን ይበልጥ አጥብቀውታል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2000 በዋልማርትና በሳማራ ብራዘርስ መካከል በልጆች ልብስ ጉዳይ የተሰጠው ነው። ፍርድ ቤቱ የምርት ንድፍ በራሱና ከመነሻው መለያ ሊሆን አይችልም፤ ገዢዎች ንድፉን ከአንድ አምራች ጋር አያይዘው ማወቃቸው በማስረጃ መረጋገጥ አለበት ብሏል። ምክንያቱም ገዢ አንድን ልብስ ሲያይ ንድፉ ዕቃውን የተሻለ ወይም ያማረ ለማድረግ የተሠራ ነው ብሎ እንጂ የአምራቹ ፊርማ ነው ብሎ አይገምትም። ማሸጊያ ግን ከመነሻው መለያ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ለአነስተኛ አምራቾች ትልቅ ትርጉም አለው፤ የዕቃውን ቅርጽ ለመጠበቅ ከሚደረገው ክርክር ይልቅ የማሸጊያውን መልክ ለመጠበቅ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ሁለተኛው ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ2001 በትራፍፊክስና በማርኬቲንግ ዲስፕሌይስ መካከል የተሰጠ ሲሆን፣ የተነሣው በነፋስ እንዳይወድቅ በሁለት ሞላዎች በተያዘ የመንገድ ላይ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ነው። አምራቹ በሁለቱ ሞላዎች ላይ ፓተንት ነበረው፤ ጊዜው ሲያልቅ ግን ሌላ ድርጅት ተመሳሳዩን መሥራት ጀመረ። አምራቹም ሁለቱ ሞላዎች የምርቱ መለያ ገጽታ ናቸው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ሞላዎቹ ሰሌዳውን የሚያቆሙ ናቸው፤ ቀደም ሲል ፓተንት የተሰጣቸው መሆኑም ተግባራዊ ለመሆናቸው ጠንካራ ማስረጃ ነው ሲል ወስኗል። ፓተንት ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ብቸኛ መብት ነው፤ ጊዜው ሲያበቃ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል። ያንኑ መብት በገጽታ ስም ለዘለዓለም ማራዘም ቢፈቀድ የፓተንት ሕግ የገባው ውል ይፈርስ ነበር።

የሩገር ሽጉጥ፦ ገጽታው የተጠበቀበት ጉዳይ

ስተርም ሩገር እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የተቋቋመ ድርጅት ነው። የመጀመሪያ ምርቱ ባለ 22 ካሊበር ሽጉጥ ሲሆን፣ ቀጭን አፈሙዙ፣ ወደ ኋላ ያዘነበለው እጀታውና ክብ ቱቦ የሚመስለው የላይኛው አካሉ ወዲያውኑ የሚለይ መልክ ሰጥተውታል። ማርክ 2 የተባለው የተሻሻለው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሲሸጥ ያንኑ መልክ ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ አርካዲያ ማሽን ኤንድ ቱል የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅት ላይትኒንግ በሚል ስም ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ በአጠቃላይ መልኩ ከሩገር ጋር እጅግ የሚቀራረብ ሽጉጥ አወጣ። ሩገር ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ለሩገር ወሰነ።

የውሳኔው ክብደት ያለው እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ከመመዘን ይልቅ መልኩን በጥቅል በማየቱ ላይ ነው። ሽጉጥ አፈሙዝ ያስፈልገዋል፤ እጀታም ያስፈልገዋል፤ እነዚህን ማንም ሰው የግሉ ሊያደርጋቸው አይችልም። ነገር ግን ያንኑ ጥይት የሚተኩሱ፣ በመልካቸው ግን ከሩገር ፈጽሞ የሚለዩ ሽጉጦች በገበያው ላይ ነበሩ። ተወዳዳሪው ጥሩ ሽጉጥ ለመሥራት ያንን መልክ መውሰድ ግዴታው ካልነበረ፣ መልኩን የወሰደው ለሌላ ዓላማ ነው ወደሚል ድምዳሜ መድረስ አይከብድም።

በነገሩ ውስጥ ጥቂት ምፀት አለ። ሩገር ራሱ የመጀመሪያውን ሽጉጥ ሲነድፍ ከጃፓኑ ናምቡና ከጀርመኑ ሉገር እንደተማረ በሰፊው የሚታወቅ ነው፤ የእጀታው ዝንባሌ ሉገርን ያስታውሳል። ይህ ግን መብቱን አላሳጣውም። የገጽታ ሕግ “ይህን መልክ መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው?” ብሎ አይጠይቅም፤ “ዛሬ ገዢው ይህን መልክ ሲያይ የሚያስበው ማንን ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ከሌላው የተማረ አምራች ለረጅም ዓመታት በራሱ መልክ ሠርቶ በገዢው ዘንድ ከታወቀ ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል።

የኮልት ጠመንጃ፦ ገጽታውና ስሙ ያልተጠበቁበት ጉዳይ

በተቃራኒው የሚቆመው የኮልት ጉዳይ ነው። ኤአር-15 የተባለውን ጠመንጃ የነደፈው ዩጂን ስቶነር ሲሆን፣ ይሠራበት የነበረው አርማላይት ድርጅት መብቱን እ.ኤ.አ. በ1959 ለኮልት ሸጠ። ከዚህ ንድፍ የአሜሪካ ጦር ኤም 16 ጠመንጃ፣ ቆይቶም ኤም 4 የተባለው አጭር ጠመንጃ ተገኙ። መሠረታዊው ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1977 ጊዜው ሲያበቃ በርካታ ድርጅቶች በዚያው ንድፍ ላይ የተመሠረቱ ጠመንጃዎችን መሥራት ጀመሩ። ይህን ማድረጋቸው ሕጋዊ ነበር።

ኮልት እ.ኤ.አ. በ2004 በሜይን ግዛት የሚገኘውን ቡሽማስተር የተባለ አምራች ከሰሰ። ክሱ ሁለት ዋና ክንፎች ነበሩት። አንደኛው ቡሽማስተር “ኤም 4” የሚለውን ስም መጠቀሙ የንግድ ምልክት መብትን ይጥሳል የሚል ነው። ሌላው የቡሽማስተር ጠመንጃ የኮልትን ኤም 4 መልክ በመያዙ ገዢውን ያደናግራል የሚል ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ ወደ ሙሉ የምስክር መስማት ሂደት ሳይገባ በቀረበው የጽሑፍ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ለቡሽማስተር ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2007 ውሳኔውን አጸና።

ስሙን በተመለከተ የተሰጠው ምክንያት ለማንኛውም ነጋዴ ጠቃሚ ነው። “ኤም 4” የጦሩ መጠሪያ ነበር፤ ውሎ አድሮም በገዢዎች፣ በመጽሔቶችና በሌሎች አምራቾች አፍ የአንድን ድርጅት ምርት ሳይሆን የአንድን ዓይነት ጠመንጃ የሚጠራ የወል ስም ሆነ። የወል ስም የማንም አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው “ክላሽ” ሲል ጠመንጃው የትኛው አገር፣ የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው አይጠይቅም፤ የዓይነቱን ስም ጠርቶ ያልፋል። ስም እንዲህ ሲሰፋ ለባለቤቱ ክብር ይመስላል፤ በሕግ ፊት ግን መብቱን የሚያሳጣው ይኸው መስፋት ነው። ስለዚህ አምራቾች የምርታቸው ስም በማስታወቂያና በደረሰኝ ላይ እንደ ዓይነት መጠሪያ ሳይሆን እንደ መለያ እንዲጻፍ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

በገጽታ በኩልም ኮልት የሚያስፈልገውን ማስረጃ ማቅረብ አልቻለም። ፓተንቱ ካለቀ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ብዙ አምራቾች ተቀራራቢ መልክ ያላቸውን ጠመንጃዎች ሲሸጡ ቆይተዋል። ብዙዎች የሚለብሱት መልክ ደግሞ አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ስለ ጊዜ ነው፤ መለያ ነው የሚሉትን መልክ ተወዳዳሪዎች ሲጠቀሙበት ዝም ብሎ ያየ አምራች፣ ቆይቶ ሲነሣ መልኩ የገበያው የጋራ ሀብት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ከፍርድ ቤት ውጭ የተቋጩ ጉዳዮች

ከእነዚህ ክርክሮች ብዙዎቹ ፍርድ ሳይሰጥባቸው በስምምነት ያልቃሉ። የጀርመኑ ሄክለር ኤንድ ኮክ ኤምፒ 5 የተባለውን፣ በዘጠኝ ሚሊ ሜትር ጥይት የሚሠራ አጭር አውቶማቲክ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያመርት ቆይቷል። ሌላው የጀርመን አምራች ጀርመን ስፖርት ጋንስ መልኩ ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል፣ በውስጡ ግን የተለየና በ22 ካሊበር ጥይት የሚሠራ ጂኤስጂ-5 የተባለ ጠመንጃ አወጣ። ሁለቱ መሣሪያዎች በአሠራራቸው አይገናኙም፤ የሚገናኙት በመልካቸው ነው። ጉዳዩን ከገጽታ አንጻር አስደሳች የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ተከሳሹ የውስጥ አሠራሩን ስላልቀዳ የፓተንት ክርክር የሚነሣበት ምክንያት አልነበረም፤ የቀረው የመልክ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ክሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ቀርቦ በስምምነት ተዘጋ፤ ጂኤስጂ-5ም ከገበያ ወጥቶ መልኩ በተሻሻለ ሌላ ዓይነት ተተካ። ከዚያ በኋላ ግን ስምምነቱ በትክክል ተፈጽሟል አልተፈጸመም በሚል በኢንዲያና ግዛት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሌላ ክርክር ተነሣ። በዚህኛው መዝገብ አምራቹ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ወደ አሜሪካ ያስገባው ድርጅትም ተከሳሽ ነበር። ሄክለር ኤንድ ኮክ በበኩሉ ለኡማሬክስ ድርጅት ፈቃድ ሰጥቶ የኤምፒ 5ን መልክ የያዘ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ እንዲሸጥ አድርጓል። አንዱ በክስ የደከመበትን መልክ ሌላው በፈቃድ ውል አግኝቶታል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ግሎክ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ ያቀረበው ክስም ተመሳሳይ መጨረሻ ነበረው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሲግማ የተባለውን ሽጉጥ ሲያወጣ ከግሎክ ጋር ያለው ቅርበት ወዲያውኑ ለክርክር ምክንያት ሆነ። ነገሩ በስምምነት ሲዘጋ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን መጠኑ ያልተገለጸ ገንዘብ ከፍሎ ንድፉን አሻሽሏል።

በኢትዮጵያ ያለው የሕግ ማዕቀፍ

የአሜሪካ ውሳኔዎች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅነት የላቸውም። መሠረታዊው ልዩነት ግን በእኛም ሕግ ውስጥ ይገኛል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክትን ሲተረጉም ቃላትን፣ ንድፎችን፣ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ቀለማትን ብቻ ሳይሆን የዕቃዎችን ወይም የማሸጊያቸውን ቅርጽ ጭምር ያካትታል። ስለዚህ አንድ አምራች የጠርሙሱን፣ የጣሳውን ወይም የዕቃውን ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከት ይችላል። በዚያው አዋጅ ከዕቃው ተፈጥሯዊ ባሕርይ ወይም ከኢንዱስትሪያዊ ተግባሩ የግድ የሚመነጭ ቅርጽ ለምዝገባ ብቁ እንደማይሆን ተደንግጓል። የሞላ ሰሌዳ አምራቹን ያሰናከለው ሐሳብ በእኛም ሕግ ቦታ አለው ማለት ነው።

ይህን በአገር ውስጥ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚያመርት አንድ ድርጅት እንበል። ምጣዱ ክብ ነው፤ እንጀራ ክብ ስለሆነ። አክንባሎው ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ እንፋሎቱን አፍኖ እንጀራውን ለማብሰል። እግሩ የተወሰነ ቁመት አለው፤ ጋጋሪዋ ሳትጎነበስ እንድትሠራ። እነዚህን ሁሉ ድርጅቱ መጀመሪያ ገበያ ላይ ቢያውልም የግሉ መለያ ናቸው ሊላቸው አይችልም፤ ተወዳዳሪው ያለ እነርሱ ምጣድ መሥራት አይችልምና። ድርጅቱ ግን በምጣዱ ዙሪያ የመሶብ አለላ የሚመስል ቀይና ጥቁር መቀነት ቢያደርግበት፣ የአክንባሎውንም መያዣ በማንም ምጣድ ላይ በማይታይ ቅርጽ ቢሠራው፣ እነዚህ ለመጋገር ሥራ የሚጨምሩት ነገር የለም። ገዢዎች ከጊዜ በኋላ “ባለ አለላው ምጣድ” ብለው ሱቅ ሲገቡ የሚፈልጉት የዚያን ድርጅት ምጣድ ከሆነ ገጽታው መለያ ሆኗል። ተወዳዳሪው ክቡን ምጣድ ይውሰድ፤ መቀነቱን ግን መውሰድ አይችልም።

ሦስት የጥበቃ መንገዶች መኖራቸውንና ጊዜያቸውም እንደሚለያይ ማወቅ ይጠቅማል። ማሞቂያ ሽቦው በአዲስ ዘዴ የተዘረጋ ከሆነ ጥበቃው በፓተንት ወይም በአነስተኛ ፈጠራ በኩል ነው። የመቀነቱና የመያዣው ጌጥ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ይተዳደራሉ። የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ በመጀመሪያ ለ5 ዓመት የሚሰጥ ሲሆን፣ ንድፉ በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለሁለት ተጨማሪ የ5 ዓመት ጊዜያት ሊራዘም ይችላል። የንግድ ምልክት ምዝገባ ለ7 ዓመት ጸንቶ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል፤ የእድሳቱ ብዛት ገደብ የለውም። አንድ ቅርጽ በንድፍነት ተጠብቆ ሳለ በገበያው ከታወቀ ቆይቶ በንግድ ምልክትነት ሊመዘገብ የሚችልበት ሁኔታም አለ፤ አስቀድሞ ያሰበ አምራች ሁለቱን ተከታታይ አድርጎ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

በንድፍ በኩል ብዙዎች የሚሳሳቱት በጊዜ ነው። ንድፉ አዲስ መሆን አለበት፤ ከማመልከቻው ቀን በፊት ከአንድ ዓመት በላይ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር የታወቀ ንድፍ አዲስ ተብሎ አይቆጠርም። ምርቱን በኤግዚቢሽን ያሳየ ወይም በማኅበራዊ ገጾች ላይ ፎቶውን የለጠፈ አምራች ቀኑን መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ዕለት አንሥቶ ነው። ተወዳዳሪው ሲቀዳው ከደነገጡ በኋላ ለንድፍ ምዝገባ መሮጥ ብዙ ጊዜ ያለፈበት ይሆናል።

ያልተመዘገበ ገጽታ ያለው አምራች ፈጽሞ ጥበቃ የለውም ማለት አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከሌላ ነጋዴ ወይም እርሱ ከሚያቀርበው ዕቃና አገልግሎት ጋር የሚያደናግር ወይም ሊያደናግር የሚችል ድርጊትን ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር አድርጎ ይከለክላል። ይሁንና ያልተመዘገበ ሰው የማስረዳት ሸክሙ ይከብዳል፤ ገዢዎች መልኩን ከእርሱ ጋር እንደሚያያይዙት፣ ተወዳዳሪውም እንዳደናገራቸው ከመሠረቱ ጀምሮ ማሳየት ይኖርበታል። የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ግን የመብቱን መኖር ከማስረዳት ይድናል፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘውና ለሦስተኛ ወገኖች መቃወሚያ የሚሆነው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነውና።

ማመልከቻ ለማቅረብ

የንግድ ምልክት፣ የንድፍና የፓተንት ምዝገባ የሚከናወነው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አመልካቹ ምልክቱ በግልጽ የሚታይበትን ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ፣ ምልክቱ የሚውልባቸውን ዕቃዎች ዝርዝርና የተወሰነውን ክፍያ ይዞ ይቀርባል። ጥበቃ የሚጠየቅበት ነገር የዕቃው ቅርጽ ከሆነ ሥዕሉ ቅርጹን ከየአቅጣጫው ማሳየት ይኖርበታል። እዚህ ላይ አመልካቾች ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር አለ፤ የዕቃውን ጠቅላላ አካል “ይጠበቅልኝ” ብሎ ማመልከት ተግባራዊ የሆኑትን ክፍሎች አብሮ ስለሚያስገባ ለውድቅነት ያጋልጣል። ጥበቃ የሚፈለግበትን ክፍል ለይቶ፣ ቀለምም ከሆነ ቀለሙን ጠቅሶ ማቅረብ የተሻለ ነው።

ተቀዳብኝ የሚል ሰው ወደ ክስ ከመሄዱ በፊት የሚይዘው ማስረጃ የጉዳዩን ዕጣ ይወስናል። ተመሳሳዩን ዕቃ ከነደረሰኙ መግዛትና በማሸጊያው እንዳለ ማስቀመጥ፣ የራሱን ምርት መጀመሪያ የሸጠበትን ቀን የሚያሳዩ ደረሰኞችን መሰብሰብ፣ ማስታወቂያ ያወጣባቸውን ጊዜያትና ያከፋፈለባቸውን ከተሞች መዘርዘር ይጠበቅበታል። ከሁሉ የሚበልጠው የተደናገረ ገዢ ነው። የተወዳዳሪውን ዕቃ ገዝቶ ሲበላሽበት አቤቱታውን ወደ እርሱ ሱቅ ይዞ የመጣ ደንበኛ ካለ፣ የመጣበትን ቀንና የተናገረውን መዝግቦ መያዝ በቃል ከሚነገር ብዙ ክርክር ይበልጣል። ክሱ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ሲሆን፣ ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድርን የሚመለከተውን አቤቱታ የሚከታተለው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ሆን ብሎ የተመዘገበን ምልክት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ስለተደነገገ ነገሩ በገንዘብ ካሳ ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

ተመሳሳይ ምርት ለመሥራት ወይም ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴም መንገድ አለው። ዕቃውን ከማዘዙ በፊት በባለሥልጣኑ መዝገብ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ወይም ንድፍ መኖር አለመኖሩን ማጣራት፣ ፓተንት የነበረው ከሆነም ጊዜው ማብቃቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ከውጭ አገር ፋብሪካ “ይህን የሚመስል አድርጋችሁ ሥሩልኝ” ብሎ ናሙና የሚልክ አስመጪ ኃላፊነቱን በፋብሪካው ላይ መጣል አይችልም፤ በኢንዲያናው መዝገብ አስመጪው ከአምራቹ ጎን ተከሳሽ ሆኖ እንደቆመ ከላይ ታይቷል። ተግባራዊ የሆነውን አሠራር ወስዶ በራሱ ቀለም፣ በራሱ ማሸጊያና በራሱ ስም የሚያወጣ ነጋዴ ግን የሚፈራው ነገር የለም። የሌላውን መልክ የግድ የሚፈልገው ከሆነም የአጠቃቀም ፈቃድ ውል መዋዋል ይችላል፤ ውሉም በባለሥልጣኑ ዘንድ መመዝገብ ይኖርበታል።